ንፍሮው ይቅደም፣ ቡናው ይቆይ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ችፕስ በልታ ትመጣና ቤት የሠራሁትን ቦሎቄ አትነካም። ስቆጣት «ሁለቱም ከመሬት የበቀሉ ናቸው፤ ምን ልዩነት አላቸው?» ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ ቦሎቄ ሆድ ከመንፋት በቀር ፋይዳ የለውም አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀችው፤ በቁጥር ይመልሱላት። 100 ግራም በዘይት የተጠበሰ ድንች 312 ካሎሪ ገደማ፣ 15 ግራም ቅባት፣ 3.4 ግራም ፕሮቲን አለው። ያንኑ ያህል የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ 127 ካሎሪ ሲሆን ፕሮቲኑ ወደ 9 ግራም ይጠጋል፤ ቅባቱ ግማሽ ግራም ነው። የዚህን ቦሎቄ ፕሮቲን ከችፕስ ላግኝ ካለች ከ250 ግራም በላይ መብላት አለባት። ያ ወደ 800 ካሎሪ ነው።

ድንቹን ግን አልወቅስም። ተቀቅሎ ቢበላ 100 ግራሙ 87 ካሎሪ ብቻ ነው። ነገሩን የሚለውጠው ዘይቱ ነው፤ ያውም ደጋግሞ ተጠብሶበት የጠቆረ ከሆነ ባትበላው እመርጣለሁ።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የብረት ማዕድን ነው። ልጅዎ የወር አበባ የምታይበት ዕድሜ ላይ ናት፤ ሰውነቷ በየወሩ ብረት ያጣል። ከ100 ግራም ቦሎቄ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይገኛል፤ ከችፕሱ አንድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ እኛ ጅማዎች አንድ ልማድ አለን፤ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ቀቅለን ከቡና ጋር እናቀርባለን። ንፍሮው ድንቅ ነው፤ ቦሎቄው የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል በቆሎው ይሞላል፣ በቆሎው የሚያንሰውን ደግሞ ቦሎቄው። ቡናው ግን፣ ሻይም ቢሆን፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። እናቴ ቤት ያደግሁት ሁለቱን አብሬ እየወሰድኩ ነው፤ ዛሬ ግን ከንፍሮው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሳልቆይ ጀበና አልጥድም። ሎሚ ጭመቁበት፣ ወይም ቃሪያና ቲማቲም ከትፋችሁ ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱ በደንብ እንዲዋሃድ ይረዳል።

ጎረቤትዎ ስለ መንፋቱ አልተሳሳቱም። የሚነፋው በቦሎቄው ውስጥ ያለው፣ አንጀታችን የማይፈጨው ስኳር ነው፤ ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ከፊሉ ወደ ውኃው ይወጣል። ውኃውን ይድፉት፤ በአዲስ ውኃ ይቀቅሉ። የከሰል ወጪም ይቀንሳል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቦሎቄ ቶሎ አይበስልልንም።

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ መርዛማነት ያለው ፕሮቲን ይዟል፤ አራት አምስት ፍሬ እንኳ ሊያስመልስና ሊያስቀምጥ ይችላል። ተማሪ ሳለሁ ከሰል አልቆብን ገና የሚንኮሻኮሸውን ከድስቱ አውጥተን በላን፤ ሦስት ልጆች ሌሊቱን ስናስመልስ አደርን። ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 30 ደቂቃ በኃይል ይፍላ፤ ከዚያ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ይቀጥሉ። ለብ ባለ እሳት ላይ ብቻ ማቆየት መርዙን አያጠፋውም።

ችፕሱን ፈጽመው አይከልክሏት፤ ተደብቃ ትበላዋለች። ከሂርማታ ገበያ ድንች ሲገዙ ለእሷ ጥቂት ለይተው ከነልጣጩ ይቀቅሉላት፤ በሚጥሚጣና በትንሽ ዘይት አሽታ ትብላው። ቦሎቄውን ደግሞ ወጥ አድርገው፣ በደንብ በተቁላላ ሽንኩርትና በበርበሬ ይሞክሩት። ድካም፣ ማዞር ወይም የፊት መገርጣት ካዩባት ግን ምግቡን ብቻ አይጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ወስደው ደሟን ያስመርምሩ።