የለመድነው ድምፅ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ከስድስት ወር በፊት ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ወዳለ ቤት ገባሁ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ባቡሩ ባለፈ ቁጥር እየባነንሁ እነቃ ነበር፤ ዛሬ ግን ማለፉን የማውቀው እንግዳ ሲደነግጥ ሳይ ብቻ ነው። ይሁንና የማእድ ቤቱን ቧንቧ ጠብታ እስካሁን አልለመድሁትም፤ እንዲያውም ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ ያበሳጨኛል። ጆሮዬ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ የደከመ ጆሮ ቢሆን ኖሮ ጠብታውንም ባልሰሙት ነበር። መላመድ የድካም ሳይሆን የትምህርት ውጤት ነው፤ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር ጉዳትም ጥቅምም ካላስከተለ፣ አእምሮ ለእሱ ምላሽ መስጠትን እየተወ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ኤሪክ ካንዴል ይህን የመረመሩት አፕሊሲያ በተባለ የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ነበር። ይህ እንስሳ ውኃ የሚያስወጣበት ቱቦ በቀስታ ሲነካ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ንክኪው ሲደጋገም ግን መሰብሰቡ እየቀነሰ ይመጣል። ይህም የሚሆነው ቆዳው ንክኪውን መለየት ስላቃተው ሳይሆን፣ ስሜት ተቀባዩ ነርቭ ጡንቻን ወደሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚልከው ኬሚካል ስለሚያንስ ነው። በአንድ ጊዜ የተደረገ አሥር ንክኪ ያመጣው መላመድ ብዙም ሳይቆይ ሲጠፋ፣ በአራት የተለያዩ ጊዜያት የተደገመው ግን ለሳምንታት ይቆያል። ባቡሩም ሌሊት ሌሊት እየተመላለሰ ያስተማርዎት በዚሁ መንገድ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ከተለመደው ውጪ ቢያፏጭ ወዲያው ይነቃሉ።

የጠብታው ነገር ለየት ይላል። ድምፁ ከባቡሩ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ትርጉም አለው፤ ውኃ እየባከነ መሆኑንና ሳይጠገን የቀረ ሥራ መኖሩን ያስታውስዎታል፣ ቀጣዩንም ጠብታ ሳይወዱ በግድ ይጠብቁታል። የሚያበሳጭ ነገር ሲደጋገም ምላሽን ከማብረድ ይልቅ ሊያባብስ ይችላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ድምፅ በትዕግሥት ለመልመድ መሞከር፣ በእኔ አመለካከት፣ ከንቱ ልፋት ነው፤ ቧንቧውን ማስጠገን ይቀላል።

ከባቡሩ በኩል ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንቅልፍዎ ባይቋረጥም ልብዎ ለድምፁ ምላሽ መስጠቱን ሙሉ በሙሉ አይተውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ የልብ ምቱ ለአፍታ ሊጨምር ይችላልና፣ የሚቻል ከሆነ አልጋዎን ከሐዲዱ ራቅ ወዳለው ክፍል ያዛውሩት።