የታጠበ ፎቶ ስካን ሲደረግ ቀለሙ እንዳይቀየር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ስለ ስካነርና ስለ ቀለም የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አስቀድሜ የምለው፦ ስካነሩ ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበትን፣ አውቶ የሚለውን ሁሉ ሳታጠፉ «ቀለሙ ተበላሸብኝ» አትበሉኝ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ የእናቴ የሰርግ ፎቶ ላይ ቬሎው ስካን ሲደረግ ሰማያዊ ሆነ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አውቶው ነው። ወረቀቱ በዕድሜ ቢጫ ብሏል፤ ሶፍትዌሩ ያንን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሰማያዊ ጨመረበት። የስካን ሶፍትዌርሽ ኤፕሰን ስካን ከሆነ ፕሮፌሽናል ሞድ ግቢ፣ ኮንፊገሬሽን ውስጥ «ኖ ከለር ኮሬክሽን» በይው። ምስሉ ደብዝዞ ይወጣል፤ አትደንግጪ። ከዚያ አይቲ8 የሚባለውን የቀለም ሰሌዳ በዚያው አሠራር ስካን አድርጊ። 288 ቀለሞች አሉት፤ ከግርጌው ከነጭ እስከ ጥቁር የሚሄድ የግራጫ ረድፍ አለ። ጠርዙ ላይ የታተመው ቁጥር አብሮት ከሚመጣው፣ የሰሌዳው የቀለም ልኬት ከተጻፈበት ፋይል ቁጥር ጋር ካልገጠመ ልፋትሽ ከንቱ ነው። አርጋይል ሲኤምኤስ የሚባለው ፕሮግራም ፕሮፋይሉን፣ ማለትም ስካነርሽ ቀለምን እንዴት እንደሚያይ የሚገልጸውን ፋይል፣ በነፃ ይሠራልሻል። በፎቶሾፕ መጀመሪያ ፕሮፋይሉን ለስካኑ «አሳይን» አድርጊ፣ ቀጥሎ ስካኑን አዶቢ አርጂቢ ወደሚባለው መደበኛ የቀለም ሥርዓት «ኮንቨርት» አድርጊ፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። የግራጫው ረድፍ ወደ ቀይም ወደ አረንጓዴም ሳያዘነብል ከታየሽ ተሳክቷል።

ከካዛንቺስ፦ የትኛውን ስካነር ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ያለህን አስተካክል።

ከፒያሳ፦ 1200 ዲፒአይ ባደርገው ቀለሙ ይሻሻላል?

መልስ፦ አይሻሻልም፤ ዲፒአይ የነጥብ ብዛት እንጂ የቀለም ጉዳይ አይደለም። ለታጠበ ፎቶ ከ300 እስከ 600 ይበቃል። ለቀለም የሚጠቅመው የቀለሙን እርከን የሚያበዛው 48 ቢት የሚለው ምርጫ ነው፤ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጠው እንጂ በጄፔግ አይደለም።

ከሜክሲኮ፦ እኔ ግን በአውቶ ነው የምሠራው፣ ደንበኛም ወዶት ይሄዳል።

ከለገሀር፦ ማማሩ ሌላ፣ ትክክል መሆኑ ሌላ።

ከሜክሲኮ፦ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ለሚያምረው ነው ወንድሜ። የ70ዎቹን ፎቶ ቀይ እንደሆነ ልስጠው?

ከለገሀር፦ ታዲያ የቀሚሱን ቀለም አንተ ነህ የምትወስነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። የዚያን ዘመን ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚቀላው ሲያን የሚባለው ቀለም ቀድሞ ስለሚለቅ ነው። ስካነሩ የለቀቀውን እንደለቀቀ ማሳየት አለበት። እሱን ቲፍ ሳትነኩ አስቀምጡ፤ የምታሳምሩት ቅጂውን ነው። ዋናው በአውቶ ከተነካ፣ ነጭና ጥቁሩ ጫፍ ላይ የተቆረጠው ዝርዝር ተመልሶ አይገኝም። ቤተሰቡ ያለው ያ አንድ ፎቶ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከቸርችል፦ የእኔም ሰማያዊ ሆነ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለአራት ኪሎዋ የመለስኩትን አንብብ። አውቶውን አጥፋ።

ከካዛንቺስ፦ ቀለሙ አላማረኝም፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቱ ስካነር? የቱ ሶፍትዌር? ሞኒተርህ ካሊብሬት ተደርጓል፣ ማለትም ቀለሙ በመለኪያ ተስተካክሏል? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከአምባሳደር፦ ጠዋትና ማታ ያደረግኩት ስካን አይመሳሰልም።

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስካነርህ የፍሎረሰንት አምፖል ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ ሳይሞቅ የሚሰጠው ብርሃን ይለያያል። 15 ደቂቃ ያህል ይብራ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንደገና አሙቀው። የኤልኢዲ ከሆነ ይህ አያስፈልግም፤ አውቶው ነው የሚቀያይረው።

ከፒያሳ፦ በዚያው ፕሮፋይል የሥዕል ስካንም ይሠራል?

መልስ፦ በግምት እንጂ በትክክል አይሠራም። ሰሌዳው የታተመው በፎቶ ወረቀት ላይ ነው። ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች የተሠሩበት ነገር ከተለያየ ለስካነሩ ሁለት ናቸው፤ በኢንክጄት የታተመም እንደዚያው። ሥዕሉን ከስካኑ ጎን አስቀምጠህ በቀን ብርሃን እያየህ በእጅህ አስተካክል።