ክኒን አስታዋሽ አፕ ልትሠሩ ለተነሣችሁ ልጆች

አንዳንዶቻችሁ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ይዛችሁ ትመጡልኛላችሁ። የባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ እየጋለና እየወደቀ የሚፈራረቅበት የአእምሮ ሕመም) ታካሚ መድኃኒቱን እንዳይረሳ የሚያስታውስ አፕ። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ጀርባ ነው። ስለዚህ ሕመም የሚጨነቅ ወጣት ሳይ ቡና ልጋብዘው ያሰኘኛል። ግን አብዛኞቻችሁ አነሳሳችሁ ላይ ትስታላችሁ። ታካሚው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ረስቶ ይመስላችኋል።

የሚረሳ አለ፣ አይካድም። ብዙው ግን አስቦበት ነው የሚተወው። አንዱ «ድኛለሁ እኮ፣ ለምን እውጣለሁ?» ይላል። አንዷ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሲኒ መያዝ አቅቷት፣ ጎረቤት እንዳያይባት ትታዋለች። ሌላው ያ የድሮው ሞቅታ ናፍቆታል፤ ሳይተኛ የሚያድርበት፣ ሐሳብ የሚጎርፍለት፣ የሚያቅተው ነገር የሌለ የሚመስልበት ጊዜ። ኦላንዛፒን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱት ደግሞ «ያስርበኛል፣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም» ይሏችኋል። ለዚህ ሰው ስልኩ በየጠዋቱ ቢጮህለት ምን ይፈይድለታል?

አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። እህቱ ስልኩ ላይ ማስታወሻ ጭናለት ነበር። «ወስጃለሁ» የሚለው ካልተነካ ዝም አይልም። ለቀጠሮው ሲመጣ መዝገቡ አንድ ቀን እንኳ አልጎደለውም፣ ሁሉም አረንጓዴ። የያዘው ካኪ ፖስታ ውስጥ ግን ክኒኑ እንዳለ ነበር። «ጩኸቱን ለማስቆም ነው የምነካው» አለኝ፣ እየሳቀ። እህቱ አልሳቀችም።

አሜሪካኖቹ ይህን በሳይንስ እንፍታው ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የምግብና መድኃኒት አስተዳደራቸው አቢሊፋይ ማይሳይት ለተባለ ክኒን ፈቃድ ሰጠ። መድኃኒቱ አሪፒፕራዞል የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፣ በውስጡ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል መለያ አለችበት። ክኒኑ ሆድ ሲደርስ ምልክት ትልካለች፣ ሰውነት ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ይቀበላል፣ ከዚያ ወደ ስልክ ያስተላልፋል። ከተፈቀደላቸው ሕመሞች አንዱ ባይፖላር ነው። ታዲያ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ፣ ይህ ነገር ሰዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንዲወስዱ ማድረጉ አልተረጋገጠም ብሎ ጽፏል። መለያዋን የሠራው ፕሮቲየስ ዲጂታል ሄልዝም እ.ኤ.አ. በ2020 ኪሳራ አወጀ። ክኒኑ ሆድ መግባቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ለምን እንደማይፈልገው ማወቅ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ደግሞ መጠየቅ እንጂ መቆጣጠር አያዋጣም።

ስለዚህ የምትሠሩት ነገር ይጠይቅ። «ወሰድክ?» ብሎ ሳይሆን «እንዴት ነህ?» ብሎ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሰላም። ሰሞኑን እንዴት ነህ? 1 ደህና፣ 2 ደህና አይደለሁም፣ 3 ደውሉልኝ።» በቃ። የበሽታውም የመድኃኒቱም ስም የለበትም። ስልኩን ወንድም ቢያነሣው፣ እጮኛ ብታየው ችግር የለም። በብዙ ቤት አንድ ስልክ የሁሉም ነውና ይህን አትናቁት። ልኩም ይስማማል፤ በፊደላችን የሚጻፍ አንድ የጽሑፍ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፣ በላቲን 160 ነው። (የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚሸከም የሚመስለውን ያህል አልተበደልንም።) ደግሞ ለስልሳ ዓመት አዛውንት «ክኒንህን ዋጥ» ብላችሁ እንዳትልኩ። ሲመዘገቡ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ ብላችሁ ለዩ።

«3» ብሎ የመለሰ ሰው ግን ሰው ሊደውልለት ይገባል። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የጤና መኮንን። ከእናንተ ኮድ ይልቅ ይህን ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ከጤና ተቋሙ ጋር ስትነጋገሩ መጀመሪያ የምታነሡት እሱን ይሁን። ማን ይደውላል? ቅዳሜና እሑድስ? መልስ ከሌለው «እንዴት ነህ?» አለመላኩ ይሻላል።

አሁን ስለ ሊቲየም ላውራችሁ፣ አንድ የኮድ ስሕተት ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ጥቅሙን ከጻፈ ጀምሮ ባይፖላርን በማረጋጋት ስሙ አለ። ችግሩ፣ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ ያመለጠ ክኒን ሲኖር «ሁለቱን አንድ ላይ ውሰድ» የሚል አፕ አደገኛ ነው። የብዙ ማስታወሻ አፖች «አልተወሰደም» የሚለው ቀይ ምልክት ሳይናገርም ይህንኑ ይገፋፋል። ተቅማጥና ትውከት ያለበት፣ ወይም ለጥርስ ሕመሙ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ገዝቶ የዋጠ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሊቲየም ሊጨምርበት ይችላል። ሲራመድ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር፣ ከወትሮው የባሰ መንቀጥቀጥ ከመጣ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። የደም ምርመራ ቀን ደግሞ ናሙናው የሚወሰደው ካለፈው ክኒን 12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ማስታወሻችሁ በዚያ ጠዋት «ክኒን ሰዓት ደረሰ!» ካለ ምርመራውን አበላሸው። «ዛሬ ደም እስክትሰጥ ቆይ» ብትሉት ግን እኔ ራሴ እፈርምላችኋለሁ።

ሰዓቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እሥቃለሁ፣ ግን የሚያሥቅ አይደለም። እናታችን «ማታ ሁለት ሰዓት» ብለው ያስሞላሉ። ልጃቸው 2 ቁጥርን ይመርጣል። ስልኩ የሚጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ለሌላ በሽተኛ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው። ለባይፖላር ታካሚ ግን የተቆራረጠ እንቅልፍ ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። የሰዓት መምረጫውን በእኛ አቆጣጠር ሥሩት፣ «ጠዋት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የሚል ጨምሩበት።

ጳጉሜንም አትርሱ። ነሐሴ 5 ቀን 30 ክኒን ተቀብሎ «በሚቀጥለው ወር በዚሁ ቀን ና» የተባለ ሰው መስከረም 5 ይመጣል። በመካከሉ 35 ቀን አለ፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36። አዲሱን ዓመት ያለ መድኃኒት ተቀበለው ማለት ነው። ቀጠሮውን ከቀን መቁጠሪያ ሳይሆን እጁ ላይ ካለው ክኒን ቁጥር አስሉት።

ጾምም አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ታካሚ የጠዋቱን ክኒን ወደ ከሰዓት ይገፋል። በረመዳን ያለው በሱሁርና በኢፍጣር መካከል ማመቻቸት ይፈልጋል፤ ሊቲየም ላይ ከሆነ ደግሞ የውሃ ጥሙ ራሱ አሳሳቢ ነው፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። አፓችሁ ከጾሙ ሁለት ሳምንት በፊት «የምትጾም ከሆነ ከሐኪምህ ጋር ሰዓቱን አስተካክል» ቢል ከመቶ ማንቂያ ይበልጣል። «ጾሙን ተው» ግን እንዳይል። ያኔ አፑን ነው የሚተዉት።

ማንበብ ለማይችሉት ድምፅ አለ። የግብርናው 8028 የስልክ መስመር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በድምፅ ሲያገለግል ኖሯል። በተራ የቁልፍ ስልክ። ስለ ጤፍ ዘር የሠራ ነገር ስለ መድኃኒት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ እንቅልፍ አንድ ነገር ልጨምር። ማኒያ፣ ማለትም ያ ከልክ ያለፈው ሞቅታ፣ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የእንቅልፍ ፍላጎት መቀነስ ነው። ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲነካካ ከማንም በፊት የሚያውቀው ራሱ ስልኩ ነው። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ለማን ይናገር? ለባል? ለአለቃ? ታካሚው ደህና በሆነበት ጊዜ ራሱ የመረጠው ሰው ይኑር፣ ስሙን ራሱ ያስገባ፣ ሲፈልግ ራሱ ያውጣው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃም በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት አንዱ ነው። አዋጁን አውርዳችሁ አንብቡት። የሕግ አማርኛ ነው፣ ታገሱት።

አፕ ከመሥራታችሁ በፊት ግን፣ መድኃኒቱ መኖሩን አረጋግጡ። ክኒን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የምትዞር እናት አይቻለሁ፣ ማዘዣው በእጇ ላብ ወይቦ። እንዲህ ላለችው «ክኒን ሰዓት ደረሰ» ማለት ቁስል ላይ ጨው ነው። የትኛው ፋርማሲ ዛሬ ሊቲየም ወይም ቫልፕሮዌት እንዳለው በቴሌግራም የሚናገር ቀላል ቦት ብትሠሩ፣ ከማንቂያው የበለጠ ሰው ያመሰግናችኋል። አይማርክም፣ ሽልማትም ላያስገኝ ይችላል።

የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅስ? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ብዙዎቻችሁ ፊታችሁ ይለወጣል። በየሳምንቱ «እንዴት ነህ?» የሚለው መልእክት አንድ ቀን ድንገት ሲቀር፣ ታካሚው የሰርቨር ክፍያ አልቆ ነው ብሎ አያስብም። ሰለቹኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ከመቋረጡ ከአንድ ወር በፊት ንገሯቸው፣ የማን ስልክ ላይ እንደሚደውሉም ጻፉላቸው። የዚያን መልእክት ጽሑፍ ገና ፕሮፖዛሉን ስታስገቡ አዘጋጁት።