ማዋለጃ ክፍል ስንት ብር ይዤ ልግባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ክትትሌ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ነው እስካሁን ደህና ነሽ ብለውኛል። የባለቤቴ እህት ግን አምና መንግስት ሆስፒታል ወልዳ "ብር ዘርዝረሽ በየኪስሽ ካልያዝሽ ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም" እያለች ለዘበኛ ይሄን፣ ለፅዳት ይሄን፣ ለነርስ ይሄን ብላ ቆጠረችልኝ። ባለቤቴ የቀን ሰራተኛ ነው። ወሊድ ነፃ አይደል እንዴ? ባልሰጥስ ይጎዱኛል?
(የጨነቃት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ማርያም ትቅረብሽ። ነፃ ነው፣ አዎ። ክትትሉም ወሊዱም ከወሊድ በኋላ ያለውም በመንግስት ጤና ተቋም ከክፍያ ነፃ ነው። ግን ምጥ ላይ ሆነሽ "መድኃኒቱ አልቋል ከውጪ ግዙ" ሊሉሽ ይችላሉ፣ ይሄ ሁሌ ጉቦ አይደለም፣ እውነትም የሚያልቅበት ቀን አለ። ማዘዣ ወረቀት ተቀበሉና ባልሽ ራሱ ፋርማሲ ሄዶ ይግዛ። "ብሩን ለኔ ስጡኝ እኔ አመጣላችኋለሁ" የሚል ከመጣ ግን ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ሆስፒታል ደሞ ፕራይቬት ዊንግ የሚባል አለ፣ እሱ በህግ የሚከፈልበት ነው፣ ካሸር ጋ ከፍለሽ ደረሰኝ ትቀበያለሽ። ደረሰኝ የሌለው ብር ግን የማን ኪስ እንደሚገባ አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔም ስንት አመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ሁለት ሆነን አስራ አንድ ምጥ ላይ ያሉ እናቶች ይዘን ስንራወጥ አንዱ አባወራ ኮሪደር ላይ ጠብቆ መቶ ብር አጣጥፎ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተተ፣ አውጥቼ መለስኩለት፣ ፊቱ ክስል አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት መቶ አድርጎ መጣ! አንሷት ነው ብሎ እኮ ነው። ያን ቀን ነው በጣም ያፈርኩት፣ እምቢ ማለቴን ራሱ ዋጋ መጨመሪያ ያስመሰልነው እኛው ነን። ደሞ እሱ የሰጠኝን ብቀበል ከሚስቱ አጠገብ ያለችው፣ ጠያቂ እንኳን የሌላት የገጠር ልጅ፣ ወረፋዋ ወደኋላ ይሄዳል ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

"የምስራች" ብሎ ለመጣ ሰው እጅ መዘርጋት የኛው ባህል ነው፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ ደስ ብሎሽ ለፅዳቷ ብትሰጫት እኔ አልፈርድብሽም (ገንፎ ካመጣችሁማ እኔ ራሴ አልምርም ነበር)። ከመውለድሽ በፊት በር ላይ "ለሻይ" የሚባለው ግን የምስራች አይደለም፣ ምኑ ነው የምስራቹ ገና ልጁ ሳይመጣ።

ይጎዱኛል ወይ ላልሽው፣ አብዛኛው ባለሙያ አይጎዳሽም፣ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ጩኸት፣ ቁጣ፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አለ። ስለዚህ ነቃ ያለ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ እናትሽ ወይ ያቺው የባልሽ እህት። ችግር ከሌለብሽ ደሞ ክትትል ያደረግሽበት ጤና ጣቢያ ውለጂ፣ ሆስፒታሉን ያጨናነቀው እዛው መውለድ የሚችለው ሁሉ ስለሚሄድ ነው፣ ጉቦ ደሞ ወረፋ ባለበት ነው የሚያድገው። ሪፈር ከፃፉልሽ ከመውጣትሽ በፊት የምትሄጂበት ሆስፒታል ላያዘን (ሪፈር ተቀብሎ አልጋ የሚያመቻቸው ክፍል) ጋ እንዲደውሉልሽ ጠይቂ፣ "አልጋ የለም" የሚባለው በር ላይ ነውና ገንዘብ የሚጠየቀው።

የሚጠይቅሽ ካለ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የየትኛው ፈረቃ እንደሆነ ያዙና ሆስፒታሉ ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ወይ የስነ ምግባር መከታተያ ክፍል ባልሽ ይንገር፣ አንቺ ምጥ ላይ ሆነሽ አትጣዪ። በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ሰጪውንም እንደሚጠይቅ ለባልሽ ንገሪው፣ "እኔ የሰጠሁት ተገድጄ ነው" ማለት ሁሌ አያድንም።

ብር ያዢ፣ ግን ለታክሲና ለመድኃኒት። ከወለድሽ በኋላ ደሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላሽ "አልጋው ይፈለጋል" ቢሉሽም አትቸኩዪ፣ ደም መፍሰስ በብዛት የሚመጣው በነዚህ ሰዓታት ነው። ስትገላገዪ ፃፊልኝ፣ ምስር ብዪ እልሻለሁ።