በ12 ማይል የሸክም ጉዞ ተረከዝ ውሃ እንዳይቋጥር
ወንድሜ፣ ለአሜሪካ ጦር የእግረኛ ባለሙያ ባጅ (ለእግረኛ ወታደር የሚሰጥ የብቃት ምልክት) 12 ማይሉን በ35 ፓውንድ ሸክም በ3 ሰዓት ለመጨረስ ስትለማመድ ተረከዝህ ውሃ እየቋጠረ አስቸግሮሃል። ጫማ ከመቀየርህ በፊት ካልሲህን እይ። ቆዳ የሚላጠው እርጥበትና ፍትጊያ ሲገናኙ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ላቡን ይዞ ይቀራል። ከስር ስስ ናይለን፣ ከላይ የሱፍ ካልሲ ልበስ፤ ፍትጊያው በሁለቱ ካልሲዎች መካከል ይቀራል። የጫማውን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቅ፣ ጣቶችህ ጋ አላላ። ተረከዝህ ማቃጠል ሲጀምር እዚያው ቁም፤ አድርቀህ ፕላስተር ለጥፍ። «ትንሽ ልሂድ» ያለ ሰው ነው ቆዳው የሚገለበጠው።

ከባዱን ዕቃ ወደ ላይ፣ ከጀርባህ አስጠግተህ እሰር። በ20 ፓውንድ 4 ማይል ጀምር፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ክብደትንና ርቀትን በአንድ ሳምንት አብረህ አትጨምር። ማይሉን በ15 ደቂቃ ከሄድክ በልክ 3 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ 14 ደቂቃን ልመድ።