ባለ 1 ሺህ ሲሲ ቶዮታ ቪትዝ ዳገት ይችላል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሞተሩ ያዛልቃል ወይ፣ የቸርችልን ዳገትስ ይችላል ወይ ነው። ይችላል፤ ግን አውቀኸው ግባበት።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠራው ባለ 1 ሺህ ሲሲ ቪትዝ ሞተር 1ኬአር-ኤፍኢ ይባላል። 996 ሲሲ፣ 3 ሲሊንደር፣ 12 ቫልቭ፤ ጉልበቱ 70 ፈረስ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ አራት ሰው ጭነህ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስትወጣ ማርሽ ቀድመህ ቀንስ። ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጥ፤ ጉልበቱ ያለው ከፍ ባለ ዙር ላይ ነው። ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡም የ3 ሲሊንደር ባህርይ ነው። ከበዛ ግን ካንዴላውንና ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች አስፈትሽ።

ጥንካሬው ላይ ዋናው ነገር ዘይት ነው። ታይሚንጉ (የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚጠብቀው ክፍል) በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ፣ ሳይሆን በሰንሰለት ስለሚዞር በየጊዜው ቀይር አይልህም። ዘይት ከጎደለበት ወይም ከቆሸሸበት ግን ሰንሰለቱ ይላላል። የሜክሲኮ መጨናነቅ ውስጥ ቆመህ የምታቃጥለው ሰዓት ኪሎ ሜትር ላይ አይቆጠርም፤ ዘይቱን ግን ይጨርሰዋል። እና እባክህ ቀደም ብለህ ቀይር።

ከመግዛትህ በፊት ጠዋት ሄደህ ሞተሩ ሳይሞቅ ራስህ አስነሳው። የሚንኳኳ የሰንሰለት ድምፅና ሰማያዊ ጭስ ካለ ተወው። የዘይቱን ክዳን ከፍተህ ከውስጥ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ከተጋገረበት፣ ባለቤቱ ምንም ቢምል አትመነው። የውሃ ፓምፑም ማፍሰስ ይወዳል፤ ከፓምፑ ሥር ደርቆ የቀረ የራዲያተር ውሃ ምልክት ካየህ ዋጋ አስቀንስበት።