ሰርዶን የሚውጥ ተክል አለ ወይ? የግቢ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ጽሑፌ ስለ መሬት ሸፋኝ ተክሎች ሳወራ ሌዲስ ማንትልን በአንድ መስመር ጠቅሻት አልፌ ነበር። የመጣው ጥያቄ ግን ሁሉም ስለ እሷ ሆነ። ለማታውቋት፦ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ናት፤ የትውልድ ቦታዋ ካውካሰስ፣ ቱርክና ኢራን ሲሆን የሳይንስ ስሟ አልኬሚላ ሞሊስ ነው። ቁመቷ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቅጠሏ ክብ፣ ጠርዙ እንደ ነጠላ ጥለት የተዋበ፣ ለስላሳ ፀጉር ያለው ነው። አበባዋ ደቃቅና ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ። አንዴ ከያዘች ዓመት ከዓመት ትኖራለች። እኔ የምወዳት ለቅጠሏ ነው፤ አበባዋን ምርቃት አድርጋችሁ ቁጠሩት።

«እህቴ ዘሩን ከጀርመን አመጣችልኝ። የሱሉልታን ብርድ ትችለው ይሆን?» (ከሱሉልታ)

ስለ ብርዱ አታስቢ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድ ቅዝቃዜ የምትችል ተክል ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቢበዛ የቅጠሏን ጫፍ ያጠቁረዋል። የሚጎዳት የበጋው ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ነው።

ዘሯ ብርድ ካልቀመሰ ቶሎ አይበቅልም። ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በላስቲክ ቋጥሪውና ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆዪው፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳታስገቢው። በመጋቢት መጀመሪያ ከገባ በሚያዝያ ትዘሪዋለሽ። ደቃቅ ስለሆነ አፈር አታልብሺው፤ በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርገሽ በጭጋግ መልክ ውሃ እርጪው። ሦስት አራት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትደፊው። ችግኙ ሐምሌ ላይ መሬት ቢገባ ዝናቡ ሳይወጣ ሥር ይይዛል።

አንድ ነገር ለእህትሽ ንገሪያት፦ ዘርም ሆነ ችግኝ ከውጭ ሲገባ አስቀድሞ ፈቃድና የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በሻንጣ ጥግ መሸጎጥ ለጎረቤት ገበሬም ጣጣ ያመጣል።

«አንዱ ጥላ ላይ ትከላት ይለኛል፣ ሌላው ፀሐይ ላይ። የቱ ልክ ነው?» (ከሰንዳፋ)

ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ አገር ነው። ፀሐይ በምትለዝብበት ሰሜን አውሮፓ ሜዳ ላይ ይተክሏታል። ሰንዳፋ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት ያለች ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ለዚህች ቅጠል ይከብዳል። የጠዋት ፀሐይና የቀትር ጥላ ያለበት ቦታ ፈልግላት።

ያ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ልንገርህ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ከአጥርህ ወይም ከቤትህ በስተሰሜን ያለው መሬት በጋውን በሙሉ የቀትር ጥላ ያገኛል። በታኅሣሥ ወር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ 2 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ ወደ ሰሜን ከ1 ሜትር ከ20 በትንሹ የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። ለሦስት ተርታ ችግኝ ይበቃል። ክረምት ሲገባ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ተሻግራ ያንኑ መሬት ታገኘዋለች፤ ያኔ ግን ሰማዩ ደመና ነው፣ አፈሩም ርሷል።

የግንቡ ደቡባዊ ጎን ተቃራኒው ነው፤ በጋውን ሲጠበስ ይከርማል፣ ግድግዳውም ሙቀቱን መልሶ ይተፋል። እዚያ ሌዲስ ማንትል መትከል የፈረቃ ውሃን ማባከን ነው። ሮዝሜሪ ወይም ጦስኝ ስጠው። ጦስኝ የደጋችን ልጅ ስለሆነ ያንን ቦታ ያውቅበታል።

«አፈራችን ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ይሰነጠቃል።» (ከለገጣፎ)

እርጥበት ትወዳለች፣ የተኛ ውሃ ግን ሥሯን ያበሰብሳል። ዋልካ ሲርስ አብጦ ውሃ አያሳልፍም፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሥር ይበጥሳል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ጥቁር አፈር ላይ ሰፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ነው ውሃውን የሚያጠነፍፉት። አንቺም እንደ እነሱ አድርጊ። መደቡን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፣ የበሰለ ኮምፖስት በብዛት ቀላቅዪበት፣ ቦዩ ውሃውን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይውሰደው። አፈሩን ርሶ እንደ ጭቃ በሚያጣብቅበት ጊዜ አትንኪው። ከጥቅምት ጀምሮ ገለባ ጉዝጓዝ ካለበሽው ስንጥቁ ይቀንሳል።

«ሰርዶ ግቢዬን ወርሶታል። ሌዲስ ማንትል ብተክልበት ይውጠው ይሆን? ጡረተኛ ስለሆንኩ ጊዜው አለኝ።» (ከቡራዩ)

አይውጠውም፣ ጋሼ። ጊዜ አለኝ ማለትዎ ግን ግማሹን ሥራ ያቃልላል።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ምኞቷ ምኞት ሆኖ ቀረ። ሰርዶ ኃይሉ ከመሬት በታች ነው፤ ከስር እየተሳበ የሚሄደው ነጭ ግንድ በየአንጓው ማቆጥቆጥ ይችላል። በዶማ እየከተከቱ መቆፈር አንዱን ሰርዶ አሥር ማድረግ ማለት ነው። ላዩን ማጨድማ ጭራሽ ያበረታታዋል።

ጥር ላይ ይጀምሩ። አፈሩን ጥርስ ባለው መቆፈሪያ ከስር እያነሱ፣ ግንዱን ሳይቆርጡ እየሳቡ ያውጡና ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ሲደርቅ ይሞታል። የበልግ ዝናብ ጣል ሲያደርግ የተረፈው ብቅ ይላል፤ ያኔ ሁለተኛውን ዙር ይሥሩ። ግንቦት ላይ ሦስተኛውን። ይህን ሳያደርጉ ሐምሌ ላይ ችግኝ ቢተክሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌዲስ ማንትሏን ከሰርዶው መሐል ፈልገው አያገኟትም፤ አንዴ ከሥሯ ጋር ከተጠላለፈ ሁለቱን ነቅሎ እንደገና ከመጀመር ሌላ መላ የለም።

ከተከላ በኋላ ነገሩ ይቀላል። ሰርዶ ጥላ ጠላቱ ነው፤ ቅጠሎቿ ተገናኝተው መሬቱን ሲዘጉት ይዳከማል። በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተተከለች ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ችግኝ ይበቃል፣ ለ12 ካሬ ደግሞ 60። ዋጋው ከከበደዎት 20 ብቻ ይግዙ፤ በመሬቱ ሁሉ ላይ አራርቀው ግን አይትከሏቸው፤ ሲሶውን በደንብ ይሸፍኑ። ከሁለትና ሦስት ክረምት በኋላ እያንዳንዷን ነቅለው በስለታም ቢላ ሦስት ቦታ ቢከፍሏት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥርና ቡቃያ ይዞ ከተተከለ የቀረው ይሞላል። ይህን ሥራ በሰኔ መጨረሻ ይሥሩት። እስከዚያው ባዶውን ቦታ ጭድ ያልብሱት፤ ዘር ያለበት ድርቆሽ ግን አይሁን።

«ልጆች ኳስ ቢጫወቱባትስ?» (ከሰበታ)

አትችልም። ለኳስ ሣር ተዉላቸው።

«ጠዋት ቅጠሉ ላይ እንደ ዶቃ የሚቀመጠው ውሃ ጤዛ ነው? ልጄ ጠየቀችኝ።» (ከለቡ)

ግማሹ ጤዛ ነው። ጠርዙ ላይ የተደረደሩት ጠብታዎች ግን ተክሏ ራሷ ሌሊት በቅጠሏ ጥርሶች ጫፍ የምታወጣው ውሃ ናቸው። ጠብታው ክብ ሆኖ የሚቀመጠው የቅጠሉ ደቃቅ ፀጉር ከፍ አድርጎ ስለሚይዘውና ቅጠሉን ስለማያስነካው ነው። ፀጉሩን አሻሽታ ጠብታ ብትጥልበት ልዩነቱን በዓይኗ ታያለች።

«የራሳችን አልኬሚላ የለችም እንዴ?» (ከእንጦጦ ግርጌ)

አለች እንጂ! አልኬሚላ አቢሲኒካ የምትባለው በደጋችን እርጥብ ሣር ሜዳና ምንጭ ዳር መሬት ለመሬት ትሳባለች፣ የነካችበት ቦታ ሁሉ ሥር ትሰዳለች። ከውጪዋ አጠር ያለችና የአበባ ግርማ የሌላት ናት፤ መሬት በመሸፈን ግን የምታንስ አይመስለኝም። ባሌ ተራራ ላይ ደግሞ ሃውማኒ የምትባል፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኝ ቁጥቋጦ የምትሆን እህት አለቻት፤ እሷን እዚያው እንተዋት። አቢሲኒካን ከጫካ ነቅላችሁ አታምጡ። በራሳችሁ ወይም በዘመድ መሬት ላይ ካለች ሥር ያወጣ ቁራጭ ክረምት ላይ ውሰዱ፤ በጋ ላይ ግን እርጥበት አታጓድሉባት።

«አበባዋን መቁረጥ ግድ ነው?» (ከወንዝ ዳር ነዋሪ፣ ሰበታ)

ለእርስዎ አዎ። ሌዲስ ማንትል ብናኝ ሳይደርሳት ዘር ታፈራለች፤ አንዲት ተክል ብቻዋን ግቢ ትሞላለች። በብሪታንያ ከአትክልት ቦታ አምልጣ በየመንገዱ ዳር የምትበቅለው በዚህ ነው። ወንዝ ዳር ደግሞ ዘሩን ውሃው ተሸክሞት ይሄዳል። አበባው መጠውለግ ሲጀምር ከነግንዱ ዝቅ አድርገው ይቁረጡት፤ ያረጀውንም ቅጠል አብረው ቢያነሱት አዲስና ንጹሕ ቅጠል ታወጣለች። በጊዜ የተቆረጠው ኮምፖስት ውስጥ ይግባ። ቡናማ ሆኖ ዘር ከያዘ ግን አይጨምሩት፤ ዘሩ ተርፎ ኮምፖስቱን በበተኑበት ሁሉ ይበቅልብዎታል።